ከቡናው ዳር ያለው እጅ

ቴፒ ላይ ቡና የሚነግዱት እትዬ አጸደ ስልካቸው አዲስ ፎቶ አላስቀምጥ ቢላቸው ወደ ናስር ሞባይል ቤት ሄዱ።

«ፎቶዎ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ክላውድ ላይ በነጻ የተሰጠዎት ቦታ ሞልቷል፤ ወይ በየወሩ እየከፈሉ ማስፋት፣ ወይ ማጥፋት ነው» አላቸው ናስር። ፎቶዎቹን ሲያይ ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ ሁሉም ቡና ነው! ላጥፋውና ይገላገሉ።»

እትዬ አጸደ ለገዢ ለመላክ በየጠዋቱ የተሰጣውን ቡና ፎቶ ያነሱ ነበር። ቡናውን ያገላብጡ የነበሩት አምና ያረፉት ባለቤታቸው ፈንታው ናቸው። «ገዢው ቡናውን እንጂ እኔን አይገዛ» እያሉ ፊታቸውን ከፎቶ ያሸሹ ነበር።

እትዬ አጸደ አንዱን ፎቶ በጣታቸው አጎሉት። ከቡናው ዳር ቀለበት ያጠለቀ እጅ ታየ።

«ፈንታው ሌላ ፎቶ የለውም» አሉ። «የወሩን እከፍላለሁ።»

ናስር ክፍያውን ሊያስተካክልላቸው ስልኩን ጠየቃቸው። እሳቸው ግን ገና ፎቶው ላይ ያለውን እጅ እያዩ ነበር።