የወጥ ሠሪው ልጆች

ትርፍነሽ ግዛው ካፖርት አትረሳም። ጄኔቭ ውስጥ ትልልቅ ስብሰባ የሚደረግበት አንድ ሆቴል አለ፤ ስሙ ይቅር። እሷ እዚያ ቬስቲዬር በሚሉት የካፖርት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ የእንግዶችን ካፖርት እየተቀበለች ስትሰቅል አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁጥር ያለባትን ካርድ ለወጉ ትሰጣለች እንጂ ስትመልስ አታያትም። ሰውየው ከደረጃው ብቅ ሲል ካፖርቱ እጇ ላይ ነው። አምባሳደርም ይሁን ሚኒስትር፣ ለእሷ "ያ አዝራሩ የላላው" ወይም "ያ ገበሩ የተቀደደው" ነው።

እኔ አምሃ እባላለሁ፤ ትርፍነሽ ጋሼ የምትለኝ ወዳጇ ነኝ። እዚያው ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን የሚባል ሠፈር፣ ያ ሄደው ሄደው የማይጨርሱት ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክዬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በብዕሬ ስንት ሰው ከእስር አስፈትቻለሁ ብዬ እኮራለሁ። እኮራ ነበር ማለት ነው ያለብኝ።

ትርፍነሽ አንድ ወንድም አላት፤ ቢረሳው ይባላል። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። አባታቸው አቶ ግዛው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከብ ወጥ ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ባሕር ሲያወሩ ልጁ ሰምቶ ሰምቶ ባሕር ዳር ከተማ ሄደና የመርከብ ሞተር ተማረ፤ ከዚያም በውጭ ዕቃ ጫኝ መርከብ ተቀጠረ። ባሕር የሌላት አገር መርከበኛ ብለን ስንቀልድበት እሷ ትቆጣን ነበር። ፎቶውን ካፖርቶቹ መሀል፣ አለቃዋ በማያይበት በኩል ለጥፋዋለች።

ባለፈው ዓመት ያ መርከብ ባብ ኤል መንደብ ላይ በታጣቂዎች ተያዘ። ያችን ጠባብ የውሃ በር የማይመኛት የለም። አንዱ የጦር መርከቡን አቁሞባታል፣ ሌላው ጅቡቲ ላይ የጦር ሰፈር ተክሏል፣ የባሕረ ሰላጤው ሀብታሞች ከወዲያ ከወዲህ ይገፋፉባታል፤ የእኛም አገር ወደብ ወደብ ማለት ከጀመረች ሰነበተች። ታጣቂዎቹ ሃያ አንዱን መርከበኞች ይዘው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ የቢረሳው ስልክ አልጠራም።

መጀመሪያ የሄድነው ዙሪክ ነው፤ የመርከቡ ኢንሹራንስ እዚያ ነበርና። እዚያው ዙሪክ፣ ዜባህ ሠፈር የምትኖረው ጓደኛዋ ሂሩት ጀርመንኛውን አስተረጎመችልን። ከረባት ያሰረ ወጣት ውሃ አቀረበልንና መርከቡም ጭነቱም በእነሱ ዋስትና ሥር እንደሆነ፣ ሰዎቹ ግን ቀጣሪውን ድርጅት እንደሚመለከቱ በትሕትና አስረዳን። ቀጣሪው ድርጅት ደግሞ ስልክ አያነሳም። በባቡር ስንመለስ ሎዛን ላይ ትርፍነሽ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ" አለችኝ ድንገት፣ "ስለዚያ የባሕር በር አገሮቹና ታጣቂዎቹ የሚያደርጉት ንግግር እኛ ሆቴል ሊሆን ነው። ሁሉም ካፖርታቸውን ለእኔ ነው የሚሰጡኝ።"

ገባኝ። በእኛ አገር የተበደለ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያልፈው ትልቅ ሰው አቤት ይላል። ሹመኛው የሚያልፈው በቬስቲዬር በኩል ከሆነ አቤት የሚባለውም እዚያው ነው። ደሜ ሞቀ። በማግስቱ ላንሲ ቤቷ ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ።

"አባታችሁን ምን ነበሩ ብዬ ልጻፍ?"

"ወጥ ሠሪ። የባሕር ኃይል ወጥ ሠሪ።"

"ማመልከቻ እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም። የወጥ ሠሪ ልጅ አቤቱታ ዳኛው ዘንድ ሳይደርስ ቅርጫት ነው የሚገባው። የባሕር ኃይል መኮንን እንበል።"

"ኧረ ጋሼ! አባዬ እኮ ሽንኩርት ሲልጥ ነው የኖረው።"

"ለልጁ ክብደት እንዲሆነው ነው። ይሄን ሥራ የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርኩትና "የታወቀ የባሕር ኃይል መኮንን ልጅ" ብዬ በፈረንሳይኛ አሳምሬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት፤ አማረኝ።

ኪስ አይነካም የሚለውን የሆቴሉን ሕግ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አልጣሰችም። በሁለተኛው የስብሰባ ቀን ጣሰችው፤ ማመልከቻውን አንድ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተችው። የመረጠችው የአሸማጋዩን ካፖርት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጅ ነስቶ ሰላም የሚላት፣ ክርኑ የሳሳ አረንጓዴ ካፖርት የሚለብስ ሽማግሌ ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ካፖርቱን ስታለብሰው እጇን ያዝ አደረገና "አንብቤዋለሁ፤ ዛሬ የወንድምሽን ስም ጠረጴዛው ላይ ጠርቼዋለሁ" አላት። ከትራም ላይ ደውላ ስትነግረኝ ሳቋና ልቅሶዋ ተደባልቆ አልለይ አለኝ። እኔማ ብዕሬ አልዶለዶመም ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ዳግመኛ አልሰማኋትም።

በስብሰባው አሥራ አንደኛ ቀን የሚፈቱት መርከበኞች ስም ዝርዝር ወጣ። ላንሲ፣ ሶፋዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከስልኳ አነበብነው። ሃያ ስም ነው። እንደገና ከላይ ጀመረች፤ ሃያ ነው። ከሥሩ የታጣቂዎቹ ቃል አቀባይ መግለጫ ነበረ፦ አንዱ መርከበኛ የጎረቤት አገር ባሕር ኃይል መኮንን ልጅ መሆኑ በጄኔቩ ንግግር ስለታወቀ ለምርመራ ይቆያል፤ ባሕሩን የሚመኙ አገሮች ሰላይ ሊሆን ይችላል። እስከዚያች ቀን ድረስ ቢረሳው ለእነሱ ከሃያ አንዱ አንዱ ብቻ ነበር። ማንም አያውቀውም ነበር። ያሳወቅኩት እኔ ነኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ለአሸማጋዩ ሮጬ የማስተባበያ ደብዳቤ ላክሁ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ እጅግ አዝኛለሁ፤ ማስተባበያውን ነግሬያቸው ነበር፣ ሰላይ ባይሆን ለምን ይክዱለታል አሉኝ። ያቺን ወረቀት አሸማጋዩ ኪስ ውስጥ ማን እንደከተታት ሆቴሉም ደረሰበት። አላባረሯትም፤ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ አወረዷት። እዚያ ካፖርት አይመጣም፣ አንሶላ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንዷ ትርፍነሽን "ላይችል አይሰጠውም" ስትላት ሰምቼ በሰው ፊት ጮህኩባት። ትርፍነሽ ናት እጄን ይዛ ያወጣችኝ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለ ሊኞን ድረስ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና ባዶ ወረቀት አወጣች።

"ጋሼ፣ ይጻፉልኝ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ ልጄ?"

"ወጥ ሠሪ ብለው። ሽንኩርት ይልጥ ነበር ብለው። ትልልቆቹ ሲጣሉ የሚበሉትን ያበስል ነበር እንጂ ከማንም ወገን አልነበረም ብለው።"

አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ጻፍኩላት። አንብቤ ስጨርስ "አዎ፣ አባዬ ይሄ ነው" አለች። ቢረሳው ዛሬም አልተፈታም፤ ንግግሩ ከተበተነ ሁለት ወር አልፎታል፤ አሸማጋዩም ወደ አገሩ ገብቷል። ወረቀቱን አራት አጥፋ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ የራሷ ካፖርት ነበር።