ሽ የሚለው ቱቦ

ውሃ የሚያፈስ ቱቦ ወለሉን ያረጥባል፣ ዘይት የሚያፈስ ሞተር መሬቱን ያጠቁራል። አየር የሚያፈስ ቱቦ ግን ምልክት አይተውም። ሽ ይላል፣ በቃ። እኔ ደግሞ ከድሮም ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው ድምፅ ያናድደኛል። ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ጠብ ጠብ ካለ ተነስቼ ካልዘጋሁት እህል አይዋጥልኝም። እንዲህ ያለ ሰው ጎሚስታ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ሆንኩ።

ጠመንጃ ያዥ ሠፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሸሪኬ ጋር ጎማ ስንጠግንና አየር ስንሞላ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖናል። እሱ የወሎ ሰው ነው፣ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፣ ዝምተኛ ነው። እኔ ልደታ ተወልጄ ልደታ ያደግሁ፣ ምላሴ እጄን የሚቀድም ሰው ነኝ። ሥራውን የተከፋፈልነው ሳንነጋገር ነው። ጎማ መፍታትና ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ የእኔ ሆነ፤ መለጠፍና ኮምፕሬሰሩን መንከባከብ የእሱ። የመስገጃ ምንጣፉ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ምስማር ላይ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። ሰዓቱ ሲደርስ ያወርደውና ጥግ ላይ ያነጥፈዋል፣ እኔም ማሽኑን አጠፋለሁ። አጥፋልኝ ብሎኝ አያውቅም። ከእናቴ ልጅ ይልቅ ከእሱ ጋር የዋልኩት ቀን ይበልጣል።

ኮምፕሬሰሩ ያለው ቤቷ ውስጥ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ነው። ቱቦው ከዚያ ተነስቶ በበሩ ይወጣና ሚኒባሶቹ እስከሚቆሙበት ድረስ ይዘልቃል። ፀሐይ ሲመታው፣ መኪና ሲሄድበት የኖረ ቱቦ ነው። በተሰነጠቀ ቁጥር ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ላይ ቁራጭ እየቀደድን፣ ለጠጥ እያደረግን እንጠፍረዋለን። የጎሚስታ ነገር አስቂኝ ነው፤ የሰውን ጎማ በሥርዓቱ እንለጥፋለን፣ የራሳችንን ቱቦ እንደ ተሰበረ እግር ጠቅልለን እንተወዋለን። በመጨረሻ ላይ ከቱቦው እሥሩ ይበልጥ ነበር።

ፍሳሹን የምናገኝበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። እኔ በጆሮዬ ነው የምሄደው። ማሽኑን አጠፋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ቱቦውን እከተላለሁ፣ ሽ የሚልበት ቦታ ስደርስ ጣቴን አሳርፍበታለሁ። እሱ በጣሳ የሳሙና አረፋ ይበጠብጥና በአሮጌ የቀለም ብሩሽ ከኮምፕሬሰሩ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ይቀባል። አረፋው ፊኛ እየሠራ ከተነፋ እዚያ ጋ ያፈሳል ማለት ነው። ቱቦው አጠገቡ እያፏጨ፣ እኔ በጣቴ እያሳየሁት እንኳ፣ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነው። እዚህ ጋ ነው እኮ ስለው፣ ይሁን፣ አረፋው ይንገረን ይለኛል። በዚህ ያላሾፍኩበት ቀን የለም። ለደንበኞች ሁሉ ቱቦ አጣቢው እያልኩ ነው የማስተዋውቀው። እሱ ፈገግ ብሎ መቀባቱን ይቀጥላል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ፍሳሹ ባሰ። ኮምፕሬሰሩ ሲያጓራ ይውላል፣ የአየር ታንከሩ አይሞላም። አንድ ቀን ቀጠሮ የረፈደበት ጠበቃ፣ ካባውን ክንዱ ላይ እንዳደረገ፣ ለአንድ ጎማ አየር ሩብ ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። ፍርድ ቤቱ እኮ እዚሁ ልደታ ነው፤ በእግሩ ቢሄድ ይደርስ ነበር። ሰዓቱን እያየ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በጣም አፈርኩ። በማግስቱ ሱማሌ ተራ ወርጄ ወፍራም ቀይ ቱቦ ገዝቼ መጣሁ። ሸሪኬ ሁለቱን እሥር ብናድስ ይበቃ ነበር አለ፤ ግን አልተከራከረኝም። አሮጌውን አውልቆ አዲሱን አስገባ፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ማጥበቂያዎች በካቻቢቴ እያዞረ ጥብቅ አደረጋቸው፣ ማሽኑን አስነሳ። ታንከሩ ሞላና ማሽኑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ይህን ካየን ስንት ወራችን ነበር። እሱ ደስ ብሎት እጁን ጠረገ።

እኔ ግን ሰማሁ። ሽ ይላል።

አላጠበቅኸውም አልኩት። ጣሳውን አምጥቶ ቀባ፤ አንድም ፊኛ የለም። አየህ፣ አያፈስም አለ። እኔ እየሰማሁ አያፈስም ይለኛል። ማጥበቂያውን ፈታሁት፣ የቱቦውን ጫፍ ቆርጬ እንደገና አስገባሁት፣ መዳፌ እስኪላጥ ድረስ አጠበቅሁት። ሽ ይላል። በማግስቱ መገጣጠሚያውን በሙሉ ቀየርኩ። ሽ ይላል። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሚኒባስ ተሰልፎ እየጠበቀ አዲሱን ቱቦ ከነአካቴው ነቅዬ ጎማ የምንፈትሽበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ነከርኩት፤ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጎሚስታ ሄዱ። ሸሪኬ በር ላይ ቆሞ ተው፣ ሰው እያባረርክ ነው አለኝ። ንዴቴ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። እኔ የሚመስለኝ እሱ ሥራው እንዳይነካበት ብሎ እያወቀ እንደሚክደኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብሩሹን ይዞ እንደገና ሲቀባ አየሁት። በቀስታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ያን ጊዜ የሚፈታ ጎማ አምጥተው የቆሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ጎረቤታችን ብረት በያጁም ነበር። እኔ ማንም መኖሩ አልታየኝም።

"ጆሮህ ደንቁሯል" አልኩት። "ከደነቆረ ሰው ጋር አልሠራም።"

ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አስቀመጠ። ገንዳው ጋ ሄዶ እጁን ታጠበ፣ እስከ ክርኑ። ከዚያ ከኮምፕሬሰሩ በላይ የተንጠለጠለውን ምንጣፍ አወረደና በብብቱ ያዘ። ያን ምንጣፍ ለሌሊትም ለበዓልም ወደ ቤቱ ወስዶት አያውቅም። ሲወጣ አላየኝም። ምስማሩ ባዶውን ቀረ፤ እኔም ያን ቀን ምስማሩን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ሠራሁ።

ሁለት ቀን ብቻዬን ዋልኩ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ አየር እሞላለሁ፣ አንዱንም በደንብ አልሠራም። በዚያ ላይ ያ ድምፅ። ማታ ቤቴም ይከተለኛል፤ ቀን ሙሉ ስሰማው ስለምውል ነው እላለሁ። እሱ እያለ ቢያንስ የምቆጣው ሰው ነበረኝ። ሰዎች ሸሪክህ የት ሄደ ይሉኛል፤ አሞታል እላለሁ። ልደውልለት ስልኬን አነሳና መጀመሪያ ፍሳሹን አግኝቼ፣ አይቼ፣ ልክ መሆኔን አረጋግጬ ነው የምደውለው እላለሁ። ልክ ነህ ካላለኝ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። የብረት በያጁ መፍጫ ቆመ፣ የአናጢው መጋዝ ቆመ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ዘፈን ተቋረጠ። ሠፈራችን እንዲህ ጭጭ ሲል አጋጥሞኝ አያውቅም። ይኸው አሁን አገኘሁህ አልኩ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ቱቦውን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አዳመጥኩት፤ ድምፁ በሁሉም ቦታ እኩል ነው። ታንከሩ ይሆናል ብዬ ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ ከፈትኩ። አየሩ እየጮኸ ወጣ፣ ቀነሰ፣ አለቀ። የአየሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ዜሮ ላይ ወረደ። ቱቦውን ነቅዬ በሩ ላይ ወረወርኩት።

ሽ ይላል።

ጌጁን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ዜሮ ነው። ባዶ ታንከር ምን ያፈሳል? ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለት ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። ድምፁ ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ ጎልቶ መጣ። ጥርት አለ። የጎማ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ በሰው ፊት የተናገርኩት ቃል ነው፤ አንድ በአንድ፣ በራሴ ድምፅ።

ቤቱን ቆልፌ በእግሬ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። አልወጣሁም፤ ከሕንፃው ሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የጎረቤት ብስክሌት ተፈታቶ ፊቱ ተጋድሟል፣ እሱ ከመነዳሪውን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ በዓይኑ አረፋ ይፈልጋል። በመንገድ ላይ ብዙ የማለዝብበት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

"ቱቦውን ነቅዬ ጣልኩት" አልኩ። "ጌጁ ዜሮ ነው። አሁንም ይሰማኛል።"

ከመነዳሪውን ውሃው ውስጥ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

"በየትኛው ጆሮህ ነው?" አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱንም ይኸው ድምፅ በግራ ጆሮው እንደጀመረው ነገረኝ፣ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ እንደ እኔ ቱቦውን ሲጠረጥር፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ማጥበቂያ ሲፈታና ሲያስር ሰንብቷል። በኋላ ሐኪም ጋ ሄደ፤ መድኃኒት እንደሌለው፣ ጩኸት ካለበት ቦታ እንዲርቅ ነገሩት። ከኮምፕሬሰር ራቅ ሲሉኝ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ወጣሁ ብሎ ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የትኛው ድምፅ የቱቦው፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ ስለማይለይ ጆሮውን ማመን ተወ። ብሩሽና ሳሙና የያዘው ለዚህ ነው። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ያሾፍኩበት ነገር ይኸው ነው።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ውሃውን ከከመነዳሪው ላይ በእጁ እየጠረገ መለሰልኝ።

"ከደነቆረ ሰው ጋር አልሠራም እንዳትለኝ ነዋ።"

ቁጣ የለበትም። ተቆጥቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት፣ ደግሜም አልኩት። እሱ የብስክሌቱን ጎማ ጫፍ ያዝልኝ አለኝና ያዝኩለት፤ ተረዳድተን ገጠምነው።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ስደርስ በሩ ተከፍቷል፣ ምንጣፉ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ቀዩ ቱቦ ከታንከሩ ጋር ተገጥሟል። ማሽኑን አስነስቶ ታንከሩ እስኪሞላ ጠበቅን፤ ቀጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ላስጠጋ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። ጣሳውን ሰጠኝ። ከኮምፕሬሰሩ ጀምሬ፣ አንድም ቦታ ሳልዘል፣ ሚኒባሶቹ እስከሚቆሙበት ድረስ እየቀባሁ ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ ይከተለኛል። አረፋው ዝም ብሎ ፈሶ ደረቀ።

"ያፈሳል?" አለኝ።

ጆሮዬ ውስጥ ሽ እያለ፣ "አያፈስም" አልኩት።