መብራት ሄደ ብዬ ያቋረጥኩት ፊልም

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «ሌሊት ወጣን» ይላል። እኛ ግን ከደባርቅ የወጣነው በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው። እኔና ጓደኛዬ ማሩ ጎንደር ደርሰን የምንመለስ መስለን፣ ቀለል ያለ ቦርሳ ይዘን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። አንዲት የማውቃት ሴትዮ በመስኮት በኩል «መብራቱ ሲመለስ ምን ታሳየናለህ?» አለችኝ። «ኮሜዲ ነው» አልኳት። ዳባት ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም ማሩ የአባቱን ቤት ላለማየት አንገቱን ደፋ። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያስተምራሉ። አልተሰናበታቸውም። ቢሰናበታቸው እግሩ እንደማይነሣለት ያውቅ ነበር። እኔም አይዞህ ማለት ሲገባኝ ስለ ፊልም አወራሁት።

ለማታውቁኝ ልናገር። ደባርቅ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፤ በመብራት ከሚሠራ ወፍጮ ቤት ጎን ያለች፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት አንዲት ክፍል። የውጭ ፊልም አሳያለሁ፣ ማይክ ይዤ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሜ በአማርኛ እተርካለሁ። ማሩ ዳባት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ በየቅዳሜው ፊልም ለማየት ሚኒባስ ተሳፍሮ ይመጣል። ተኩስና ዱላ ያለበትን ማንም ያሳያል፤ እሱ የሚፈልገው ሰው ያልሰማውን ነው። እኔም እንዲህ ያለውን ማደን የጀመርኩት ለእሱ ስል ነበር።

የግሩፓችን ልጆች «ሰው ያላየው ጥሩ ድራማና ኮሜዲ ጠቁመን» ካላችሁኝ ወራት አለፉ። ይኸው፤ ርዕሳቸውን ከፋይሎቹ ጋር ቴሌግራም ላይ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ ኮሜዲው። ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ በጋራ አላቸው። አንዱ ሊያገባ ነው፤ ሌላው በዚያው ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ መሬቱ መከራከር አለበት። ፊልሙ በሙሉ ጥርሱ በብስክሌት ሲመላለስ ነው። ደባርቅ ሳሳየው አንድ ቄስ በሳቅ ከአግዳሚው ወደቁ። ያየ እንደሌለ ሆነን አነሣናቸው።

ድራማ ለምትሉ የአውቶቡስ ሾፌሩን እዩ። መንገዱ ተዘግቷል። ሾፌሩ ግን በየጠዋቱ ሞተሩን ያስነሣል፤ ተሳፋሪዎቹም መጥተው ትኬታቸውን እንደያዙ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ሲመሽ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሌላ ነገር የለውም። ቀርፋፋ ነው ብላችሁ አታቋርጡት፤ መንገድ ተዘግቶበት የኖረ ሰው ይገባዋል። እዚህ ጀርመን፣ ሃይም በሚሉት የስደተኞች መኖሪያ፣ ለክፍል ጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንዱ አለቀሰ፣ አንዱን እንቅልፍ ወሰደው።

እዚህ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ያማርራል። ደባርቅ ላደገ ሰው ብርድ ብርቁ አይደለም። ግን የእኛ ብርድ ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ እየሞቅህ የምታባርረው ነው፤ የዚህ አገር ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፣ የገብስ ዳቦ ይመስላል፤ ከምግባቸው የለመድኩት እሱን ብቻ ነው። የሰዉን ጠባይ ግን ገና አልለመድኩትም። ሃውስማይስተር የሚሉት የቤቱ ኃላፊ አንድ ቀን ስተርክ በሩን አንኳኳ።

«ማነው የሚጣላው?»

«ማንም። ፊልም እያየን ነው።»

«የፊልሙ ድምፅ እኮ ተዘግቷል።»

«አዎ፣ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት ቀስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ።

የጥገኝነት ቃሌን የተቀበለችው ሴትም ከእሱ አትሻልም። ሥራዬን ጠየቀችኝና «ፊልም ተራኪ» አልኳት። «ተዋናይ ነህ ማለት ነው?» አለች። «አይደለሁም፤ ተዋናዩ ይናገራል፣ እኔ ሰው እንዲገባው በቋንቋችን እናገራለሁ» አልኳት። «የሁሉንም ብቻህን?» «የሴቶቹንም ጭምር።» አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን «የሙያ ማረጋገጫ አለህ?» አለችኝ። ቀጥላም ብቻዬን መምጣቴን ጠየቀች። «ከጓደኛዬ ጋር ነበርኩ፤ ባሕር ላይ ሞተ» አልኩ። ጻፈችና ስለ ጤንነቴ ጠየቀችኝ።

ለማላውቃት ሴት እንዲህ ባጭሩ የተናገርኩትን ነገር ለማሩ አባት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መናገር አቃተኝ። በደወሉ ቁጥር «ሌላ ካምፕ ነው ያለው፣ ስልክ አይፈቅዱላቸውም» እላቸዋለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ።

አሁን ደግሞ ስጠቁማችሁ እጄ የሚከብደኝን ፊልም ልንገራችሁ። ሁለት ወንድማማቾች በጀልባ ባሕር ሊሻገሩ ይነሣሉ፤ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ታላቅየው ይሰጥማል፣ ታናሹ ብቻውን ይደርሳል። ደባርቅ ሰው አሳዛኝ መጨረሻ አይወድም፤ ተሳድቦ የሚወጣም አለ። ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረኝ። መጨረሻው ክፉ ሲሆን ቆጣሪውን አጠፋና «መብራት ሄደ» እላለሁ። በእኛ አገር ይህን ማንም አይጠራጠርም። ከዚያ ቀሪውን በጨለማ በቃሌ እተርካለሁ። የዚያን ቀን ሁለቱንም አሻገርኳቸው፤ እናታቸውንም አስመጣሁላቸው። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኔ ግን አስናፈቅኋቸው።

ኋላ ማሩ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የእውነቱ መብራትም ጠፍቶ ወራት ተቆጠሩ። ያኔ ነው ማሩ «እነዚያ ልጆች ከተሻገሩ እኛ ምን ያንሰናል?» ያለኝ። እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። ብቻዬን መሄድ ስለፈራሁ ዝም አልኩ።

መተማን፣ ሱዳንን፣ ሊቢያን አልተርክላችሁም፤ ብዙዎች ተርከውታል። ባሕር ላይ ነዳጅ አልቆ ጀልባዋ ስትንሳፈፍ ቀኑ ሁሉ ተምታታብን፤ ውኃም አለቀ። ማሩ ትከሻዬን ተደግፎ «ያን ቀን መብራት አልሄደም ነበር፤ ወፍጮው እኮ ይፈጭ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ሰዉ ደስ ብሎት ነበራ» አለ።

ይህን ያለኝ በእውነት አውቆ ይሁን ወይስ ጸጸቱን ሊያቀልልኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ሞተ። ሁለት ሰዎች አግዘውኝ ወደ ባሕሩ አወረድነው። ፊልሙን እንግዲህ እስከ መጨረሻው እዩት፤ ሌላ ምክር የለኝም።

ባለፈው ሰሞን ዳባት ኔትወርክ ሲመለስ መሪጌታ ደወሉ። ከኋላቸው ተማሪዎቻቸው ጮክ ብለው ዳዊት ሲደግሙ ይሰማኛል።

«ደኅና ሰነበትህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። በጸሎት የሕያዋንንም የሙታንንም ስም እናነሣለን። እኔ እስከ ዛሬ ስሙን ከሕያዋን ጋር እያነሣሁ ነው። ሞቶ ከሆነ ግን ነፍሱን እየበደልኳት ነው፤ ፍትሐት አላገኘችም፣ ተዝካር አልወጣላትም። ለእኔ አትዘን፣ ለእሱ እዘንለትና ንገረኝ። ከየትኛው ጋር ላንሣው?»

ስልኩን ልዝጋው ብዬ ነበር።

«ከሙታን ጋር ያንሡት፣ መሪጌታ» አልኳቸው።

እያለቀስኩ ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ ስለ ፊልሙም፣ ስለ ዝምታዬም ነገርኳቸው። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።

«ቀኑ መቼ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አላውቀውም። ባሕር ላይ ቀን ጠፍቶብን ነበር።»

«እንግዲያውስ ዛሬን ቀኑ አደርጋለሁ። ኪዳነ ምሕረት ናት። አንተም ባለህበት በየዓመቱ አስበው።»

ስልኩን ሳይዘጉት ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። «ልጆች፣ ዳዊቱን አቆዩትና ተነሡ። ለልጄ ለገብረ ሥላሴ ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት በሉ» ሲሉ ሰማኋቸው። ገብረ ሥላሴ የማሩ የክርስትና ስም ነው። ያን ያህል አገር አብረን ስንሻገር አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።