ዛሬ ስንት ሆነ?

እናትአለም ቱሊ ጉሌድ ወደምትባለው የምሥራቅ ከተማ የገባችው በ1988 አስተማሪ ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ሞተ፣ እሷ እዚያው ቀረች። ሥራዋ ዝናብ መለካት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በግቢው ከተተከለው ቆርቆሮ ውስጥ የተጠራቀመውን ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ከዚያ ትደፋዋለች። «ይኼም ሥራ ሆኖ!» የሚሏት ነበሩ። ኢዲል ግን እንዲህ ብላ አታውቅም።

ኢዲል የግመል ወተት ሻጭ ናት። በዚያችው ሰዓት ጀሪካኗን ይዛ አጥሩን ትደገፍና፣ «አባዮ፣ ዛሬ ስንት ሆነ?» ትላለች። እህቴ ማለቷ ነው። መልሱ ዜሮም ቢሆን ወተት ሳትቀዳላት አትሄድም።

በ1990 መስከረም እናትአለም ከሬዲዮ የሰማችውን ነገረቻት። «ኤልኒኖ የሚሉት መጥቷል። ሩቅ ያለው ባሕር ሲሞቅ ነፋሱ መንገዱን ይቀይራል፤ ዝናቡም ወደኛ ይመጣል አሉ።» እውነትም ጥቅምት ላይ ሰማዩ ተቀደደ።

«አንቺ ሴት፣ ከባሕሩ ጋር ትዛመጃለሽ እንዴ?» ብላ ኢዲል ሳቀች።

ጉድ የሠራቻት ይህች ሙገሳ ናት! በ2007 ደግሞ የኤልኒኖ ወሬ ተሰማ። የኢዲል ባል ግማሾቹን ግመሎች ልሽጥ ሲል እናትአለም፣ «ኧረ እንዳትሸጡ! ያኔም እንዲህ ነበር» አለች። ጥቅምትን የሚያጠግብ ኤልኒኖ ሐምሌን እንደሚያስርብ ማን ነግሯት! ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ግመሎቹ አንድ በአንድ አለቁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ኢዲል ጀሪካኗን አጥሩ ሥር ጥላ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ሐርተሼክ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄደች። ምነው በሰደበቻት!

እናትአለም ጀሪካኑን አጥባ አስቀመጠችው። ሁለት ዓመት አለፈ፤ በየጠዋቱ ለክታ ስትጨርስ ዓይኗ አጥሩ ላይ ይቀራል። ናፈቀቻት፤ ወተቱ አይደለም፣ ያ ጥያቄዋ። ቁጥሩን የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።

በ2010 ሚያዝያ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። አርባ ሰባት ሚሊሜትር። ቀና ስትል የኢዲል ትልቋ ልጅ ዐምራን አጥሩ ጋ ቆማለች።

«እትዬ፣ ስንት ሆነ? እማ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።»

የእናትአለም እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ራሷስ? ተቀይማኝ ነው አይደል?»

«ኧረ አልተቀየመችም! ወተት ሳልይዝ፣ ባዶ እጄን፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ ትላለች።»

እናትአለም ቁጥሩን ጻፈች። ውኃውን ግን አልደፋችውም፤ ጀሪካኑን ከቤት አምጥታ ገለበጠችበት።

«እንኪ፣ አድርሺላት። ይኼን ይዛ ትምጣ፤ ባዶ እጄን አትበል።»