የሚጠግኑትን ብቻ

ባለቤቴ ነርስ ናት። ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ተመድባ ከሄደች ወዲህ ቦንጋ ወደ ቤታችን የምትመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር። እኔ እዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጅ የለንም። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ አንድ ባልደረባዬ ያሳየኝን የኢንተርኔት ጨዋታ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ጠፈር ውስጥ የየራሳቸውን መርከብ እያበረሩ ማዕድን የሚቆፍሩበት፣ የሚነግዱበትና የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። መርከብህ ከተቃጠለች ተቃጠለች፤ ሌላ ለማግኘት ሳምንታት መልፋት አለብህ።

መሣሪያዬን የመረጠልኝ የቦንጋ ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲጠና ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፤ መድፍ የጫነ ሰው ደግሞ ዒላማውን በየሰከንዱ መከታተል አለበት። ትእዛዜ የሚደርሰው ጠላት ካለፈ በኋላ እየሆነ ሁለት መርከብ አጣሁ። ድሮን ግን ከመርከቡ ሆድ አውጥተህ አንዴ “ያንን” ካልከው፣ አንተ ብትዘገይም እሱ ውጊያውን አይተውም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የድሮን ሰው ሆንኩ።

እሱም ቢሆን ዕውቀት ይጠይቃል። መጀመሪያ ላይ ትልቅ ነገር ሁሉ የሚሻል መስሎኝ አምስት ከባድ ድሮኖች ጭኜ ወጣሁ። ትንንሽ ፈጣን መርከቦች መጥተው ከበቡኝ። የኔዎቹ እንደ እርጉዝ ላም እየተጎተቱ ሲዞሩ፣ አንዱንም ሳይነኩ እኔ ተቃጠልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ለትንሹ ትንሽና ፈጣን፣ ለትልቁ ከባድ መላክ እንዳለብኝ የገባኝ። የተጎዳውን ቶሎ ጠርቶ ጤነኛውን መተካት፣ ከመሸሽ በፊት ሁሉንም መሰብሰብ፣ ይህን ሁሉ በኪሳራ ተማርኩት። የፊዚክስ ደብተሬ የመጨረሻ ገጾች በድሮን ፍጥነትና ርቀት ስሌት ሞሉ።

በቡድናችን ሃያ ያህል ሰዎች ነበርን። የምንነጋገረው በጆሮ ማዳመጫ፣ በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ ግን ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም፤ አጭር መልስ ጽፎ ዝም ይላል። አንድ እሁድ ድንገት ተኩስ ተከፈተብንና በጆሮዬ “ኧረ እናቴ ድረሽልኝ!” የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። “ሐበሻ ነህ እንዴ?”

“አንተም!” አለ በአማርኛ። ከዚያ ሳቀ። “ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንቃጠል አትናገርም ነበር?”

በዚያ ቀን የሁለታችንም መርከብ ወደመ፤ ማናችንም ግድ አልሰጠንም። እስኪመሽ አወራን። በሰሜን በኩል ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ምክንያት ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። የሞባይል ዳታም ስለሌለ፣ የሚጫወተው የጓደኛው ሆቴል ውስጥ ባለው ዋይፋይ ነው።

“አነጋገርህ የየት ነው?” አለኝ።

“ከፋ ነኝ። ቤት ውስጥ ካፊኖኖ ነው የምናወራው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው።”

“ታዲያ ከተማሪዎቼ ትሻላለህ” አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ እኔ “መምህር” እለዋለሁ፤ እሱ “የፊዚክሱ” ይለኛል። ሰዋስው ስሳሳት በውጊያ መሐል እንኳ ሳያርመኝ አያልፍም።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም ነበር። መርከቡ ለድሮን የሚሆን ሰፊ ቦታ እያላት ሁልጊዜ ባዶዋን ይዟት ይወጣል። ከትንንሾቹ ጋር በተገናኘን ቁጥር መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። የሚተኩሱም የሚጠግኑም ድሮኖች እንዳሉ እየነገርኩ ደጋግሜ መከርኩት። አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዱ ተቃጠለና እኔም እየሳቅሁ፣ “አንተ ሰው ምን ሆነሃል? ድሮን ትፈራለህ እንዴ?” አልኩት።

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

“እዚህ ከፍ ብሎ ሲዞር ድምፁ ይሰማል” አለ በመጨረሻ። “ልብስ ስታጥብ፣ ስትበላ፣ ሰው ስትቀብር። ታላቅ ወንድሜ ከገበያ በመኪና እየተመለሰ ነበር። መኪናውን ከነሰዎቹ ነው የመታው። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ እጄ ግን እሺ አይለኝም።”

ምን እንዳልኩት ዛሬ አላስታውስም። “እግዚአብሔር ያጽናህ” ብዬ ይሆናል። ላፕቶፑን ዘግቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄ በራሴ ጆሮ ውስጥ ቀረብኝ። እኔ በፍጥነትና በርቀት ስሌት የማውቀውን ነገር እሱ በድምፁ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ድሮኖቼን ትቼ መድፍ ጭኜ መጣሁ። ዝናብ ነበር፤ ወዲያው ተቃጠልኩ። ነገሩ ገባውና ተቆጣኝ። “እኔ አልያዝኩም ብለህ አንተ መሞት አለብህ? ያንተዎቹ ይመለሱ። ስማቸውን ብቻ አትጥራብኝ።”

“ምን ልበላቸው?”

“ተማሪዎች በላቸው። ሁለታችንም መምህር አይደለን?”

ስለዚህ “ተማሪዎቼን አወጣሁ” እላለሁ፤ መሸሽ ሲኖርብን እሱ “ደወል ተደውሏል፣ ሰብስባቸው!” ብሎ ይጮኻል። ፈረንጆቹ ምን እያልን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ይስቃሉ።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ እሱ ራሱ ነገሩን አነሣ። “የሚጠግኑ አሉ ብለኸኝ አልነበር?”

“አሉ። አይተኩሱም። የተመታ ወዳጅ ላይ ትልካቸዋለህ፤ የተበሳውን ይደፍናሉ።”

“የሚጠግኑትን ብቻ አስተምረኝ” አለኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በሙሉ ማንም በሌለበት ጥግ ሆነን ተለማመድን። መርከቤን ሆን ብዬ አስመታኋት፤ እሱ አምስቱን ላከልኝ። ከመርከቡ ሲወጡ ሲያይ ትንፋሹን ውጦ ያዘ፤ በማዳመጫው ተሰማኝ። የኔ ጉዳት መቀነስ ሲጀምር “እየሠራ ነው?” አለ በቀስታ። “እየሠራ ነው መምህር” አልኩት። ከዚያ ወዲያ በየውጊያው ከኋላዬ ነው የሚሆነው። ከቡድኑ ሰው ሁሉ በፍጥነት የሚጠግን እሱ ሆነ። እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ መርከብ አላጣሁም።

ከዚያ ድንገት ጠፋ። የሆቴሉም ዋይፋይ ተዘግቷል ብዬ አሰብኩ። የሰጠኝን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይሠራም። ክረምቱ አልፎ ቡና ሲለቀም ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ ነው።

“የቦንጋው የፊዚክስ መምህር አንተ ነህ ልጄ? ስልክህን የልጄ ደብተር ላይ አገኘሁት። እናቱ ነኝ።”

ሆዱን አሞት ነበር። ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንዲሄድ ተጻፈለት። መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት እሱ አልነበረም።

አልቅሰው ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ። “እሁድ እሁድ ሥራ አለኝ እያለ ይወጣ ነበር። ከናንተ ጋር ምን ነበር የሚሠራው?”

ጨዋታ ነው ልላቸው አልቻልኩም። “ይጠግን ነበር እማማ” አልኳቸው። “የተመታ ሰው ሲኖር ቶሎ የሚደርሰው እሱ ነበር።”

“እንዲያ ነው እሱ” አሉ።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት መጣች። ነገርኳት። “በመጀመሪያው ቀን ቢደርስ ይድን ነበር?” ብዬ ጠየቅኋት። ነርስ ናትና መልሱን ታውቃለች፤ እጄን ያዘች። ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም። አይቼው የማላውቅ፣ ኮምፒውተር ላይ የተዋወቅሁት ሰው ሞተብኝ ብል ማን ያስተዛዝነኛል ብዬ ነው።

ማንኪራ ወደምትባለው መንደራችን፣ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ፊቴን አይተው “ማን ሞተ?” አሉኝ።

“ጓደኛዬ።”

“የት አገር ሰው?”

“የሰሜን ሰው ነው።”

“መቼ ነው ያየኸው?”

“አላየሁትም አባ። ድምፁን ነው የማውቀው።”

አባቴ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል፤ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አባቴ “ልጄ ሐዘን ላይ ነው” ብለው ለየቤቱ ነግረው ኖሯል። ቡና መልቀሙን ትተው የመጡም ነበሩ። አንድ አዛውንት “እንዴት ያለ ሰው ነበር?” አሉኝ። አማርኛዬን ያርምልኝ እንደነበር፣ ተማሪ ስላልነበረው ይከፋው እንደነበር፣ ሲስቅ እንደሚያስለው ነገርኳቸው። እየተናገርኩ አለቀስኩ፤ ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ።

ቦንጋ ስመለስ ለእናቱ ደወልኩ። ማንኪራ የምትባል የጫካ ቡና ያለባት መንደር ሰዎች ለልጅዎ ተቀመጡለት አልኳቸው።  በቀብሩ ዕለት መንገዱ ገና ስላልተከፈተ ከሌላ አካባቢ ሰው እንዳልመጣለት ያኔ ነው የነገሩኝ።

“እነማን ናቸው?” አሉኝ ቀጥለው። “ስማቸውን ንገረኝ፤ በጸሎት አስባቸዋለሁ።”

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የከፋ ስም አልለመዱምና እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በትክክል እስኪወጣላቸው ድረስ ጠበቅኋቸው።