ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ ማን እንደቀደመ

ሞተር መንዳት የተማርኩት ለውድድር ብዬ አይደለም። ቡሬ ወረዳ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ስቀጠር መሥሪያ ቤቱ ለገጠር ቀበሌ ሥራ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። የክትባት ሣጥኔን ከኋላ አስሬ ስወጣ ስገባ ክረምት መጣ። የእኛ አገር ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ፍሬን የያዘ ይወድቃል። እኔም ብዙ ጊዜ ወደቅሁ። በኋላ ግን የኋላው ጎማ ሲንሸራተት እንዲንሸራተት መተውን፣ ግራ እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ ነዳጅ መስጠትን ለመድኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም። አስተማርኳት የሚል ሰው ግን አለ፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

እሱ በዚያው መሥሪያ ቤት የሰብል ባለሙያ ነበር። ሞተሩን አጥቦ በር ላይ ያቆማል፤ ጭቃ በሆነ ቀን ወደ ገጠር አይወጣም።

ውድድሩ የተጀመረው በመንግሥት ሠራተኞች የስፖርት በዓል ላይ ነው። በበጋ ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ በኖራ ሞላላ መስመር ይሰመራል፤ ከየወረዳው የመጣን ነጂዎች አራት አራት እየሆንን በግራ እንዞርበታለን። ሣሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አቧራ ነው። ወንዶቹ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይይዙ ነበር። እኔ አልይዝም። እግሬን ስጎትት ጫማዬ እያለቀ ስላስቸገረኝ በረባሶ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ሄጄ በግራው ሥር የመኪና ጎማ ቁራጭ አስመታሁ። ሠሪው ለምን አንዱን ብቻ እንደፈለግሁ አልጠየቀኝም።

ተመልካቹ መጀመሪያ ላይ ይሥቅብኝ ነበር።

«እቴ፣ የማን ላም ልትወልድ ነው እንዲህ የምትጣደፊው?» ይላል አንዱ።

«ተዋት፣ በሬ ሸሽቷት ነው» ይላል ሌላው።

ደጋግሜ ስቀድም ቀልዱን ተዉት። አላደነቁኝም፤ ዝም አሉ። ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ዓመት የፍኖተ ሰላሙ አንደኛ ዞኑን ወክሎ ባሕር ዳር እንደሚወዳደር ተነገረ። አንደኛ ወጣሁ፤ ያ የሰብል ባለሙያ ሁለተኛ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬም ቡሬ ውስጥ አለ፤ ሲጠየቅ ግን ያዛጋል።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎች ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው የአባቴ ቤት መጡ። የንስሐ አባታችንም አብረው ነበሩ። በእኛ ዘንድ ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ቆሞ ይለምናል፤ ባለቤቱም ሽበት ያለው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ ያፍራል።

«ይቀመጡ እንጂ አባ» አለ አባቴ።

«ቆመን እንናገር» አሉ የንስሐ አባታችን። «የመጣነው ልጅዎ ባሕር ዳር መሄዱን እንድትተው ለመለመን ነው። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ሊያገባ ነው። የሙሽራይቱ ዘመዶች በሴት የተቀደመ እያሉ መሣቂያ ሊያደርጉት ነው። ለእሷ ሌላ ዓመት አለላት።»

ከአባቴ ጀርባ ቆሜያለሁ። ዞር ብሎ አላየኝም።

«አባ፣» አልኳቸው፣ «የተቀደምኩት እኔ ብሆን ሽማግሌ ይላክልኝ ነበር?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣቀ። «አንቺ ብትቀደሚማ ማን ይሥቅብሻል?»

«የእናንተን ፊት አልመልስም። ተቀመጡ» አለ አባቴ።

ተቀመጡ። ጠላ ቀዳሁላቸው። «አባቷ ክፉ አስቦ አይደለም» ይላሉ የቡሬ ሰዎች። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እስኪሞት ድረስም አልጠየቅሁትም። እሺ ካለ በኋላ ብሄድ ግን በንስሐ አባቱ ፊት ቃሉን የበላ ሰው እንደሚሆን አውቅ ነበር። ቀረሁ።

ባሕር ዳር እሱ ሄደ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ያዘና ወደቀ። ሞተሩ ከዳኝ ብሎ ተመለሰ። የተባለልኝ ሌላ ዓመት ሲመጣ እኔ ከተማ ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ተዛውሬያለሁ፤ ሞተሩ ለሌላ ተሰጥቷል። እሱ ከወንዶቹ ጋር ለዓመታት ተወዳደረ፣ ከዚያም ወጣቶችን ማሠልጠን ያዘ። ቡሬ የሞተር ውድድር አባት አለችው። ስለ እኔ ሲነሣበት «እሷንም እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ይላል።

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ፣ ፍልሰታ ሲቃረብ፣ ሊቆርብ አሰበ። የንስሐ አባቱ የተቀየመህ ሰው ካለ ታረቅ አሉት። እናም ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ግቢዬ ገባ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። በዳይ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይጎነበሳል፤ ተበዳይ ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ያወርድለታል። በዳይ ራሱ አያወርድም።

«በይ አውርጅለት» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አወርድለታለሁ። በፊት ግን ምን እንደበደለኝ ይናገር።»

«ያጠፋሁት ካለ ይቅር በይኝ» አለ።

«ካለ የሚባል የለም። ፍኖተ ሰላም ሜዳ ላይ ማን ቀደመ?»

ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አመቻቸ።

«ተናገር እንጂ፣ ይከብድሃል» አሉት ሽማግሌው።

«አንቺ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ደግ። ይህንኑ በር ላይ ወጥተህ በለው።»

ከግቢዬ በር ፊት ለፊት የባጃጅ መቆሚያ አለ። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹን ሞተር ያስለመዳቸው እሱ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ሲገባ ስላዩት ሁሉም ወደ እኛ ያያሉ።

«ኧረ እቴ፣ እግዜርም ይህን ያህል አይጠይቅ» አሉ ሽማግሌው።

«እግዜር ያውቀዋል። የማያውቁት እነዚያ ናቸው።»

እሱ እንደተጎነበሰ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ራሱ አወረደው። አንገትጌውን አራግፎ፣ ባጃጆቹን ቀና ብሎ ሳያይ፣ በጓሮ በኩል ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ከበው ቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

«እንግዲህ ይህ ታረቁ ነው የሚባል፣ አልታረቁም?» አሉ ትልቁ።

«ያዩትን ይንገሩ» አልኳቸው።

ምን ብለው እንደነገሩ አውቃለሁ። ቡሬ ውስጥ ሽማግሌ የመለሰች ሴት ነኝ። ሽማግሌ አልመለስኩም። ላወርድለት ቆሜ ነበር፤ እሱ ግን አንዲቱን ቃል በር ላይ ከመናገር ድንጋዩን ማውረድ መረጠ። እሱ ስላልተናገረው ጻፍኩት። የቀደምኩት እኔ ነኝ።