ሻማው እስኪያልቅ

እናቷ ያወጣችላትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ «ወይ ፍንክች» ነው የምትባለው። ለቀልድ የወጣ ስም ቢሆንም ልኳ ነው። በታላቅ ወንድሟ የእንጨት ሥራ ቤት፣ በመቅረጫ ማሽን የሻማ ማስቀመጫ ትቀርጻለች። መቀመጫው ሰፊና ከባድ፣ ሻማው የሚሰካበት ጉድጓድ ደግሞ በቆርቆሮ የተለበጠ ካልሆነ ከእጇ አይወጣም። እያንዳንዱን በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፤ ከተንገዳገደ ማገዶ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ያደረጋት የአክስቷ ነገር ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን የቀረጸችላት ማስቀመጫ ጉድጓዱ ሰፍቶ ኖሮ፣ አክስትየዋ ሻማው እንዳይወላገድ ወረቀት ጠቅልላ ሸጎጠችበት። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። ሻማው ሲያልቅ ወረቀቱ ተያያዘ፣ ቀጥሎ እንጨቱ፣ ቀጥሎ የጠረጴዛው ልብስ። አክስትየዋ በመዳፏ ደፍጥጣ አጠፋችው፤ ያ እጅ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» ብትላትም አልተቀበለቻትም። ጉድጓዱን የቀረጸው ማን ሆነና!

አንድ ቀን ጠዋት የቤት ዕቃ ነጋዴ የሻማ ማስቀመጫ ናሙና ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ። እንደዚያው ያለ አራት መቶ ፍሬ ፈለገ፤ ያለ ቆርቆሮ።

«ቆርቆሮው መልኩን ያበላሽብኛል» አለ።

ወንድሟ ወደ ጥግ ሳብ አደረጋት። «ስሚኝ፣ ይኼ የዓመት ሥራ ነው። ወይ እንዳለው ትሠሪያለሽ፣ ወይ ማሽኑን ለሌላ ሰው ትለቂያለሽ።»

ፈራች። ከዚህ ማሽን ሌላ የምታውቀው ነገር የላትም። ፍርሃቷ ግን ወዲያው ንዴት ሆነ። የሻማ ቁራጭ አንስታ በነጋዴው ናሙና ላይ ሰካችና ለኮሰችው።

«እስኪያልቅ ይቀመጡ፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ሥራዬ ይኼው ነው።»

ነጋዴው እያጉረመረመ ተቀመጠ። እሳቱ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ቫርኒሹ ተንጨረጨረ፣ ጥቁር ጭስ ወጣ፣ የእንጨቱ አፍ ተያያዘ። ነጋዴው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳና ባለ በሌለ ትንፋሹ እፍ አለው።

«ምነው አጠፉት?» አለች።

«ቤቱን ሊያቃጥል ነው እኮ! አይታይሽም?»

«እርስዎማ አጠገቡ ስላሉ አጠፉት። ከእርስዎ የገዛውን ሰው እንቅልፍ ቢወስደው ማን እፍ ይልለታል?»

የነጋዴው ፊት ጠቆረ። «ሠሪ ሞልቷል» ብሎ አፉ የከሰለውን ናሙና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«ይሥሩልዎት። የኔ እጅ ግን የለበትም።»

ነጋዴው በሩን ወርውሮት ሄደ። ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጥቀርሻ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከሥራ ያባረራት መሰላት፤ ልመና ግን ከአፏ አልወጣም። ሄዳ ማሽኑን አስነሳች። ወንድምየው መጥቶ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆመ። ሊያጠፋው ግን እጁን አልዘረጋም።